ሁለተኛዋ ዓይን

ባሌ ጓዴ ሰው ይሰፋ ነበር፤ እኔ ጨርቅ እሰፋለሁ። ቢቸና ላይ ይህን የማያውቅ የለም። በሬ የወጋው፣ ማጭድ የሳተው፣ ሠርግ ቤት ዱላ ያረፈበት ሰው ጤና ጣቢያ ሲገባ ቁስሉን የሚዘጋለት ጓዴ ነው። የዚያኑ ሰው የተቀደደ ሱሪ ደግሞ እኔ ሱቅ ያመጡታል። የጓዴ ስፌት ካንቺ ይሻላል እያሉ የሚያሾፉብኝ ደንበኞች ነበሩ። ይሻል ነበር፣ ምን አደርጋለሁ። እኔ ሱሪ ስጠግን ጠባሳው ይታያል፤ እሱ የጠገነው ግንባር ላይ ግን ከዓመት በኋላ ፈልገህ አታገኘውም።

ጓዴ ሥራ ላይ ሲሆን ጠባዩ አይቻልም። አጠገቡ የቆመ ሰው ጥላ እጁ ላይ ካረፈ፣ የወረዳ ሹምም ይሁን ቄስ፣ «ብርሃኔን ልቀቅልኝ!» ብሎ ይጮኻል። እቤትም ያው ነው። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ሲፈታ ወይ ጥፍሩን ሲቆርጥ ባጠገቡ ካለፍኩ «በዛብሽ፣ ብርሃኔን ልቀቂ!» ይላል። ስንጋባ ጊዜ በዚህ ነገር አልቅሼ አውቃለሁ። በኋላ ለመድኩት፤ እኔም እየጮኽኩ መመለስ ጀመርኩ፤ ቤታችን በዚህ ሞቀ።

አምና ጥቅምት ላይ ከመናኸሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገለበጠች። የቀኝ እጁ አንጓ ከሥሯ ቀረ። አጥንቱ በጊዜው ገጠመ፤ እጁ ግን የራሱ አልሆነም። ማንኪያ ይይዛል፤ መርፌ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። አንጓውን ወደ ውስጥ ማጠፍ ሲሞክር ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድም ይላል።

ካርድ ክፍል አስቀመጡት። ቁስል ክፍሉን አስናቀች የምትባል ልጅ እግር ነርስ ያዘችው። ጎበዝ ናት፤ ክፉ ልናገርባት ሞክሬ አጣሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ሰብለ ወንጌል ለጓዴ ያለችው ግልጽ ነበር። «ሐምሌ ሲገባ የአዲሱ በጀት ዓመት ምደባ ይወጣል። እስከዚያ እጅህ ከተመለሰ ክፍልህ ያንተ ነው። ካልተመለሰ ግን አስናቀች ትጸናበታለች፣ አንተም ካርድ ክፍል ትቀራለህ። እንዳትቀየመኝ፤ የሰው ገላ ነው።» አልተቀየማትም። እኔ በእሱ ፈንታ ተቀየምኳት።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን ጨዋ መሆኑ ነው። «ይቅርታ በዛብሽ።» «ግድ የለም፣ አንቺ ተቀመጪ።» «እባክሽ ጨው ብታቀብዪኝ።» መስኮቱ ጋ ሆን ብዬ ሄጄ እገተርበታለሁ፤ ወንበሩን ይዞ ዝም ብሎ ወደ ጥግ ይሄዳል። ጎረቤቴ ወለተ ሥላሴ «አቤት ባልሽ እንዴት ጨመተ!» ስትለኝ፣ ጨምት ባል ከፈለግሽ ውሰጂው ልላት ምንም አልቀረኝም። ያ የሚጮኸው ሰውዬ የት እንደገባ አላውቅም ነበር፤ እፈራም ነበር።

ሞጣ ሆስፒታል ነስረዲን የሚባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ፤ የጅማ ልጅ ነው። ጓዴ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ አውቶቡስ ይዞ፣ በትውልድ መንደሩ በደብረ ወርቅ አልፎ፣ እሱ ዘንድ ይሄዳል። ነስረዲን እጁን ያሸዋል፣ የጎማ ኳስ ያስጨምቀዋል። አንድ ቀን ጓዴ ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ወንድሜ፣ ኳስ ስጨምቅ ልሙት እንዴ? ሥራ የሚመስል ነገር የለህም?» አለው። ነስረዲን አሰብ አደረገና ከመሳቢያው አንድ ካርቶን አውጥቶ ሰጠው።

ካርቶኑን እቤት አምጥቶ ሲከፍተው ውስጡ ትንንሽ ግራጫ የፕላስቲክ ሰዎች ተደርድረዋል። ከአውራ ጣቴ አንጓ አይበልጡም። ጋሻ የያዘ አለ፣ ካባ የለበሰ አለ፣ ሰይፍ የመዘዘ አለ፤ የካባው ዘለበት ሳይቀር ተቀርጿል። ነገሩ ጨዋታ ነው ሲለኝ አላመንኩም። ነስረዲንና ጓደኞቹ እሁድ ከሰዓት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ድንጋይ ደርድረው ተራራ ያደርጋሉ፣ በሁለት ወገን ጦር ያሰልፋሉ፣ ቁጥር ያለበት ጠጠር እየጣሉ ይዋጋሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ቀለም ያልተቀባ ወታደር አይሰለፍም። ቀቢው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው።

«ሞጣ ድረስ ለሕክምና ሄደህ አሻንጉሊት ይዘህ መጣህ?» አልኩት። «ልጆቻችን እንኳ ለትምህርት ከቤት ወጥተው አልቀዋል። ለማን ነው?»

«ለእጄ ነው» አለኝ።

ለእጄ ነው ካለ ምን ይባላል። ለጥቂት ቀን ማሾፌን ተውኩ።

የመጀመሪያዎቹን የቀባቸው የውጭ በራችን ከተቀባበት በተረፈ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የልጆች ብሩሽ ገዛ፤ ባንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቀብቶ ጨረሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ቀለሙ ወፍራም ስለነበር ዓይን፣ አፍንጫ፣ ዘለበት፣ ሁሉም አንድ ላይ ተለሰነ። ገንፎ ውስጥ የወደቁ ይመስሉ ነበር። ጓዴ ሊያስለቅቀው ብሎ ማታ ቲነር ውስጥ ዘፈዘፋቸው። ጠዋት ቢያወጣቸው ፕላስቲኩ ቀልጦ ሰይፉ ተንጠልጥሏል፣ ፊታቸው የለም። ተቀምጬ እስካለቅስ ሳቅሁ። እሱም ይስቃል ወይ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። «የቲነሩ ሽታ ስለረበሸሽ ይቅርታ» አለኝ። ሳቄ እዚያው ቆመ።

ሞጣ ተመልሶ ለነስረዲን አሳየው። ነስረዲን ከልቡ ስቆ ሌላ ካርቶን ከፈተ፤ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ያለባቸው ትንንሽ ጠርሙሶችም ጨመረለት። ምክሩን ጓዴ እቤት ሆኖ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግመው ስለነበር እኔም በቃሌ ያዝኩት። «ቀለሙን አቅጥነው፣ ወተት ይምሰል። አንዴ ወፍራም ከመቀባት ሁለቴ ስስ ይሻላል። የፊተኛው ሳይደርቅ የኋለኛውን አትጀምር። ክርንህ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ የሁለት እጅህን መዳፍ ግርጌ አጋጥም። ትንፋሽ ስታስገባ ቁም፤ ስታወጣ ሳል።»

ከዚያ ወዲያ ጠረጴዛዬ ተወረረ። ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው፤ ግማሹን ወሰደው። ወታደሩን በእጁ እንዳይነካካው በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አናት ላይ በፕላስተር ይለጥፈዋል፤ ብልቃጡን ይዞ ያዞረዋል። ውሃ በሲሪንጅ ጠብ ያደርጋል። የብሩሹን ጫፍ አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ እያሽከረከረ ያሾለዋል። ከሥራ መልስ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ምሳ፣ ቁጭ ነው።

ደግሞም አልሆንለት ይል ነበር። ለካባው የያዘው ቀይ ፊት ላይ ይፈሳል፤ ፊቱን ሲያድስ ካባው ይበላሻል። ቀስ እያለ ግን አንዳንድ ነገር ገባው። መጀመሪያ ጎድጓዳውን ቀብቶ ወደ ላይኛው መምጣት ተማረ፤ የብሩሹን ቀለም በጨርቅ ጠረግ አድርጎ መንካት ተማረ። አንድ ቀን ቡናማ ቀለም በጣም አቅጥኖ ካባው ላይ ቢያፈስበት ቀለሙ እጥፋቶቹ ውስጥ ገብቶ ተኛ። እኔ የጨርቅ ሰው ነኝ፤ እጥፋት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ያ ካባ ያን ቀን ጨርቅ ሆነ። ደንግጬ አየሁት፤ ለጓዴ ግን አልነገርኩትም።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። ያልወደደውን ወታደር አልኮል ውስጥ ይነክረዋል፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትገዋል፣ ግራጫውን አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። አንዱን ጋሻ ያዥ ደጋግሞ ከመንከሩ የተነሳ «ተጠማቂው» የሚል ስም አወጣሁለት። እሁድ ቀን ያንኑ ተጠማቂ ሊነክር ሲነሳ አፌ አላርፍ አለኝ።

«አሻንጉሊቱንስ ነክረህ ትጀምረዋለህ» አልኩት። «ሰው ሲመጣ ምን ውስጥ ልትነክረው ነው?»

ጠርሙሱን አነሳ። ከዚያ ወጥቶ አልኮሉን ጓሮ ደፋው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም አልነከረም። የተሳሳተውን በላዩ ላይ ያቃናዋል፤ የማይቃናውንም እንደሆነ ይተወዋል። ተጠማቂው ጉንጩ ላይ ቀይ ጠብታ እንዳለበት ቀረ።

ፋሲካ አልፎ ግንቦት ሲገባ አንድ ቡድን ወታደር መስኮቱ ላይ ቆመ። እውነት ለመናገር ያምሩ ነበር። ጠጋ ብዬ በመነጽሬ ሳያቸው ግን ሁሉም የቀኝ ዓይን አላቸው፤ የግራው ቦታ በጥቁር ጥላ ተሸፍኗል።

«ግራ ዓይናቸውስ?» አልኩት።

«ሥርዓቱ ነው» አለኝ። «ደብረ ወርቅ ልጅ ሆኜ ያደግሁበትን ሥዕል አታውቂም? ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ ክፉ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን። እነዚህ የጠላት ወገን ናቸው።»

«እነዚህ ግን ጎናቸውን አልሰጡም። ፊት ለፊት ነው የሚያዩኝ።»

«አንድ ዓይን ይበቃቸዋል፣ በዛብሽ» አለኝ፣ በዚያ በጨዋ ድምፁ።

እኔ ግን ከጎኑ እየሰፋሁ ስመለከተው ከርሜያለሁ። የቀኝዋን ዓይን ሲስል እጁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የግራዋን ለመንካት አንጓው ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት፤ እዚያ ሲደርስ ይያዛል፣ ብሩሹ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ብሩሹን መልሶ ይጠርገዋል። የሚሸሸው ያችን ቦታ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ፤ አልኮሉን ካስደፋሁት ወዲህ ምላሴን ትንሽ ፈርቼዋለሁ።

ሞጣ ይዟቸው ሲሄድ ገበር ልገዛ አብሬው ሄድኩ። ጠረጴዛቸው እንደተባለው ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች በጠጠር ሲጨቃጨቁ ማየት ደስ ይላል። ነስረዲን የጓዴን ወታደሮች ሲያይ ለምን አንድ ዓይን ብቻ እንዳላቸው ጠየቀ። ጓዴ ያንኑ የሥዕል ሥርዓት ነገረው። «እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!» አለና በስልኩ ፎቶ አነሳቸው፤ ሌሎቹም ተሰብስበው አደነቁ። ጓዴ ጨዋታውን ቢሸነፍም በአውቶቡስ ስንመለስ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ግን በግኜ መጣሁ። ባሌ በሸሸበት ነገር ሲመሰገን ማየት አልወደድኩም፤ እሱ ደግሞ ምስጋናውን ለብሶት ተመቸው።

ቤታችን አጠገብ የኔታ አካለ ወልድ የሚባሉ የቅኔ መምህር አሉ። ደብረ ወርቅ ሲማሩ ለቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቀለም እየበጠበጡ አገልግለዋል። ሰኔ መግቢያ ላይ የካባቸውን ጠርዝ ላጠብቅላቸው እቤት መጡና መስኮቱ ላይ የተሰለፉትን አዩ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። ጓዴ ሳይጠየቅ ሥርዓቱን ማስረዳት ጀመረ።

«አውቀዋለሁ ሥርዓቱን» አሉት። «ጻድቃኑ የትኞቹ ናቸው ታዲያ?»

«ጻድቃን የሉም፣ የኔታ። ሁሉም ጠላት ናቸው።»

«እህ! ጠላት ብቻውን ማንን ሊወጋ ተሰለፈ?»

እኔ ካባውን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥሁት።

የኔታ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ስማኝ ልጄ» አሉት። «ሠዓሊ ያቃተውን ሥርዓት ነው ካለ ሥርዓቱን ሰደበው። አንዷን ዓይን እንዲህ አድርጎ ያወጣ ሰው ሁለተኛዋ አትጠፋበትም። ዓይኗን አይደለም የምትሸሸው፤ እጅህን ነው።»

ጓዴ አንገቱን ደፋ። የኔታ ካባቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ ዞር ብሎ አየኝ። «አንቺም ታውቂ ነበር» አለኝ። አውቅ ነበር አልኩት። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ አላለም። «የሁሉንም ግራ ዓይን አወጣለሁ» አለ። «ምደባው ሳይወጣ።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ አሾፍኩበት፤ በልቤ ግን ተመስገን አልኩ።

ከዚያ በኋላ በከባዱ ጀመረ። ብሩሽ ሲያነሳ መጀመሪያ ወደዚያች እምቢ ወደምትለው ጎን ይሄዳል፣ እጁ ሳይደክም። ነስረዲን ጋ ደውሎ እውነቱን ነገረው። ነስረዲን በስልክ አሰለጠነው፦ ነጥብ አትፈልግ፣ ነጥብ ለሚንቀጠቀጥ እጅ አይሆንም፤ ነጩን አስቀምጥ፣ ጥቁሩን ከላይ ወደ ታች እንደ ቀጭን መስመር አውርደው፣ የተረፈውን በቆዳው ቀለም ዝጋው።

የሰኔ ሰማይ ብርሃን ይነፍጋል። ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ጓዴ ብሩሹን ያነሳል፣ ሲጋረድ ያስቀምጣል። የመጀመሪያዎቹ ግራ ዓይኖች መከራ ነበሩ። አንዱ ወታደር ጣሪያውን ያያል፣ አንዱ የገዛ አፍንጫውን፤ አንዱ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት ይመስል ያፈጣል። በቆዳው ቀለም ይዘጋዋል፣ እስኪደርቅ አንጓውን በለብ ያለ ውሃ ያሻል፣ እንደገና ይሞክራል። እጁ ሲያመው ከንፈሩን ይነክሳል። እኔም ልብስ ስሰፋ የእኔን ከንፈር ነክሼ አገኘዋለሁ። አንጓው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ መጣ። መንቀጥቀጡ አልጠፋም፤ ጓዴ ግን ትንፋሹን ሲያወጣ ለአፍታ እንደሚተኛ አወቀ፤ በዚያች አፍታ ይሠራል።

መጨረሻ የቀረው የወታደሮቹ አዛዥ ነበር። አዛዡ የራስ ቁር አልደፋም፤ ፊቱ ወለል ያለ ነው፤ ጥላ የሚጣልበት፣ ስህተት የሚደበቅበት የለውም። በገበያው ዋዜማ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጨረሰውና አምጥቶ የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ አቆመው። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቹ ያያሉ። ወዴት እንደሚያዩ ሳይቀር ይታወቃል።

«ግራዋ ትንሽ ከፍ ትላለች» አልኩት።

«አይቻለሁ» አለኝ።

ሌላም ልለው ፈልጌ ነበር። ግን ጨርቄን ማጣጠፍ ያዝኩ።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ሲስተር ሰብለ ወንጌል ጓዴን ጠዋት ጠርታ፣ ምደባው ሊወጣ ስለሆነ ዛሬ ቁስል ክፍል ትገባለህ፣ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ አለችው። ቢቸና ገበያ ቆሞ ቁስል ጠፍቶ አያውቅም። እኔም ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ መርፌው ግን ሁለቴ ጣቴን ወጋኝ።

የሱቄ መስኮት መክደኛ ቆርቆሮ ነው፤ ስከፍተው ወደ ላይ ሰቅዬ በዱላ እደግፈዋለሁ። የኔታ አካለ ወልድ ለተማሪ ያሰፉትን ኩታ ሊቀበሉ መጥተው ከሥሩ ጎንበስ እንዳሉ፣ ከነጋዴ እጅ ያመለጠ ሙክት ዱላውን ገጨው። ቆርቆሮው ወረደ። የግራ ቅንድባቸውን ተርትሮ እስከ ዓይናቸው ቆብ ድረስ መጣ። ደሙ ፊታቸውን ሞላው። እጄ ላይ በነበረው ነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋቸው። የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ቁስል ክፍሉ ስንደርስ ሁለት አልጋ አለ። በአንደኛው አስናቀች የአንድ ገበሬ ቅልጥም ላይ ተደፍታ ትሠራለች፤ ከበሩ ውጭ ሦስት አራት ሰው ቁስሉን ይዞ እሷን ይጠብቃል። በሁለተኛው አልጋ አጠገብ ጓዴ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል። አልጋው ባዶ ነው። ሲስተር ሰብለ ወንጌል ወረቀቷን ይዛ አንዴ እሱን አንዴ በሩን ታያለች።

«ምነው፣ ሰው ቆሞ የለም እንዴ?» አልኳት።

ክንዱን በነጠላ የጠቀለለ አንድ ሰው ከበሩ መለሰልኝ። «እኛ አስናቀችን ነው የምንጠብቅ። የጓዴ እጅ ተሰብሯል ይላሉ። መርፌ ይዞ ይንቀጠቀጣል ይላሉ።»

ጓዴ ሰማ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ጓንት ያጠለቁ እጆቹን ግን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ያዛቸው። ጠዋት ከገባ ጀምሮ እንዲያ ቆሞ ነበር። የሰውዬውን ነጠላ ቀምቼ በአፉ ልጠቀጥቅለት አማረኝ።

ሲስተር አቡጀዲውን ገለጥ አድርጋ አየችና ተከዘች። «ቆቡ ጋ ነው፣ የኔታ። ስስ ቦታ ነው። አስናቀች እስክትጨርስ ይጠብቃሉ፣ ወይስ ጓዴ ይይልዎት?»

የኔታ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በጤነኛው ዓይናቸው ጓዴን አላዩትም፤ እኔን አዩኝ።

«በዛብሽ» አሉኝ። «ሁለተኛዋ ዓይን ወጥታለች ወይ?»

በክፍሉ ውስጥ ከእኔና ከጓዴ በቀር የገባው የለም። ሲስተር ሰብለ ወንጌል ቆርቆሮው ራሳቸውንም መትቷቸው ይሆን ብላ ሰጋች መሰለኝ፣ ግንባራቸውን ዳሰሰች። ወጥታለች ብዬ የባሌ እጅ ቢስት፣ የሽማግሌ ዓይን በእኔ ቃል ሊጠፋ ነው፤ ያውም በገዛ ቆርቆሮዬ የተተረተረ። አልወጣችም ካልኩ ደግሞ ጓዴ እዚህ ክፍል ተመልሶ አይገባም፤ ያስወጣሁትም እኔ እሆናለሁ። ወደ እሱ አየሁ። እንድዋሽለት አልለመነኝም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የምለውን ይጠብቃል። አዛዡን አሰብኩት፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ቆሞ ሲያየኝ።

«ወጥታለች፣ የኔታ» አልኩ። «ግራዋ ትንሽ ከፍ ትላለች እንጂ ወጥታለች።»

«እሱስ የእኔንም ቆርቆሮሽ ከፍ አድርጓታል» አሉና ተጋደሙ። «ና በል ልጄ። ዓይኔን ሁለት አድርገህ ተውልኝ።»

ጓዴ መጣ። ቁስሉን አጠበ፣ የሚያደነዝዘውን ወጋ፣ ጠበቀ። ከዚያ ክርኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈ፣ የሁለት እጁን መዳፍ ግርጌ አጋጠመ። የት እንደተማረው አወቅሁ። ትንፋሹን አስገብቶ ቆመ፤ ሲያወጣ መርፌዋ ገባች። ሲስተር ሰብለ ወንጌል መጻፍ ትታ ታያለች። የቅንድቡ ጫፍ ቀላል ነበር፤ እጁ ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ ቆቡ ሲወርድ ግን አንጓው ወደ ውስጥ መታጠፍ ነበረበት። እዚያ ሲደርስ ቆመ። የመርፌዋ ጫፍ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። ሌሎቹም አዩ። ይህን ነክሮ አይጀምረውም፣ በላዩም ቀለም አይዘጋበትም።

ጓዴ እጁን አልሸሸም። ባለበት ቆሞ አንዴ ተነፈሰ፣ ደገመ። አንጓው ዞረ። መርፌዋ ገባች፤ ክሩን ስቦ ቋጠረ። ወደሚቀጥለው አለፈ።

እኔ የልብስ ሰፊ ነገር ሆኖብኝ ስፌቱን ካላየሁ አልሞትም አልኩ። ሳላውቀው አንገቴን አስግጌ፣ ጭንቅላቴን በመስኮቱና በአልጋው መካከል አስገብቼ ኖሯል።

«በዛብሽ!» ብሎ ጮኸ። «ብርሃኔን ልቀቂልኝ!»

አስናቀች ከወዲያኛው አልጋ ቀና አለች። ሲስተር ሰብለ ወንጌል ባሏ በሰው ፊት አዋረዳት ብላ እኔን በሐዘን አየችኝ። ይቅርታ አላለም። እባክሽም አላለም። ቀናም ብሎ አላየኝም፤ ሥራ ላይ ነበር። ብርሃኑን ለቀቅሁለት። ግድግዳውን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ውጭ ስወጣ እንባዬ ደረቴን አርሶታል፣ ጥርሴም በፈገግታ አልገጠም ብሎኛል።

ክንዱን በነጠላ የጠቀለለው ሰውዬ እዚያው ነው። ደንግጦ አየኝ።

«ምነው እትዬ? ከውስጥ እንዲህ የሚቆጣው ማን ነው?»

«ጓዴ ነው» አልኩት። «ቁስል የሚሰፋው።»